ፎርማት ከመደረጉ በፊት፦ የላፕቶፕ የኬብል ኢንተርኔት ሲጠፋ

በኬብል ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ሲሠራ የቆየ ላፕቶፕ በድንገት መስመር ሲጠፋበት፣ በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ በማሽኑ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ከነፋይሎቹ ጠርጎ እንደገና መጫን ሲሆን፣ ገንዘብና ጊዜ ከመውሰዱም በላይ ቅጂ ያልተያዘላቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የሒሳብ ሰነዶችና ፎቶግራፎች አብሮ ያጠፋል። የተበጠሰ የመዳብ ሽቦን ግን አይቀጥልም፤ በመብረቅ የተቃጠለ ሶኬትንም አያድንም። የኬብል መስመር ብልሽት ሁልጊዜ የተወሰነ ቦታ አለው፤ ያም ቦታ ከላፕቶፑ፣ ከኬብሉ፣ ኬብሉ ከሚሰካበት ሞደም ወይም ብዙ ኬብሎችን ከሚያገናኘው ስዊች፣ አለዚያም ከቤት ውጭ ካለው መስመር አንዱ ስለሆነ፣ ከሽቦው ተነሥቶ ወደ ሶፍትዌሩ በቅደም ተከተል የሚሄድ ማንኛውም ተጠቃሚ ያለ ልዩ መሣሪያ ሊደርስበት ይችላል።

ጉዳዩ በጣና ሐይቅ ዳርቻ የተለየ ክብደት አለው። ባሕር ዳር የአማራ ክልል መዲና በመሆኗ ቢሮዎች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች የተሰባሰቡባት ከተማ ስትሆን፣ የቀድሞው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. የመሠረቱት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በፖሊ፣ በፔዳ፣ በይባብና በዘንዘልማ ግቢዎቹ ተማሪዎችን ያስተምራል። ዋይፋይ በየቦታው ቢዘረጋም የላብራቶሪው፣ የገንዘብ ቤቱና የመዝገብ ቤቱ ሥራ ዛሬም በአመዛኙ በግድግዳ ላይ ባለ የኬብል ሶኬት ይከናወናል፤ ምክንያቱም ሽቦ ግድግዳ አይከለክለውም፣ ጎረቤት አይሻማውም፣ ፍጥነቱም ከሰዓት ወደ ሰዓት ብዙም አይዋዥቅም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ በአንዳንድ ተቋማትና ሆቴሎች የነበረው የሽቦ መስመር ከቀሩት ጥቂት መውጫዎች አንዱ መሆኑም፣ ይህ አሮጌ የሚመስለው የግንኙነት መንገድ ምን ያህል ሊያስፈልግ እንደሚችል ያሳየ ነው።

የኬብል ኔትወርክ አሠራር ኢተርኔት በሚባለው ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ኢተርኔት እ.ኤ.አ. በ1973 ሮበርት ሜትካፍ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሐሳቡን ጽፎ ካቀረበ በኋላ ከባልደረባው ከዴቪድ ቦግስ ጋር የሠራው ሲሆን፣ ዛሬ ቤት ውስጥ የሚታየውን መልክ የያዘው ግን በመጀመሪያ ይሠራበት የነበረው ወፍራም ገመድ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1990 የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች በደረጃነት ከጸደቁ በኋላ ነው። ለመርማሪው አስፈላጊው ነጥብ ሥርዓቱ በንብርብር የተሠራ መሆኑ ነው፤ ከታች ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ፣ ከዚያ በላይ ማሽኖች የሚተዋወቁበት አድራሻ፣ ከዚያም በላይ ሰዎች የሚጽፉት የድረ ገጽ ስም ይገኛሉ። የታችኛው ሳይሠራ የላይኛው ሊሠራ ስለማይችል ምርመራው ከታች መጀመር አለበት፤ ብዙው ድካም የሚባክነውም ከላይ ስለሚጀመር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የላፕቶፑ ዋይፋይ ለጊዜው መዘጋት ይኖርበታል። ላፕቶፕ ሁለቱም መንገዶች ክፍት ሲሆኑ ተጠቃሚውን ሳይጠይቅ አንዱን ስለሚመርጥ፣ በኬብል ይሠራል የተባለው ማሽን በእውነቱ በዋይፋይ ሲሠራ ሊገኝ ይችላል፤ የዚህ ዓይነቱ መደናገር ምርመራውን ሙሉ በሙሉ ያሳስታል።

ዋይፋዩ ከተዘጋ በኋላ መታየት ያለበት ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ ነው። በአብዛኞቹ ላፕቶፖችና በሁሉም ሞደሞች ማለት ይቻላል ከሶኬቱ አጠገብ ትናንሽ መብራቶች አሉ፤ አንደኛው ሁለቱ መሣሪያዎች በሽቦው መገናኘታቸውን፣ ሁለተኛው ደግሞ ብልጭ ድርግም እያለ መረጃ በመተላለፍ ላይ መሆኑን ያመለክታል። ኬብሉ በሁለቱም በኩል ተሰክቶ መብራቱ ጨርሶ ካልበራ ችግሩ በኬብሉ፣ በሁለቱ ሶኬቶች ወይም በላፕቶፑ የኔትወርክ ካርድ ላይ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ደረጃ የብራውዘርን ገጽ ደጋግሞ መክፈትም ሆነ የይለፍ ቃል መቀየር ምንም አይጠቅምም። መብራቱ በርቶ ኢንተርኔት ከሌለ ግን ሽቦው በአብዛኛው ደህና ስለሆነ ምርመራው አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ስንት ላፕቶፕ ይህች ትንሽ መብራት ሳትታይ ተፈታቶ ይሆን?

መብራቱ ሲጠፋ ተጠርጣሪውን የሚለየው ዘዴ መለዋወጥ ነው። ኬብሉ በሞደሙ ላይ ወደ ሌላ ቀዳዳ ይዛወራል፤ ካልሆነ እንደሚሠራ የተረጋገጠ ሌላ ኬብል ይተካል፤ አሁንም ካልሆነ ሌላ ላፕቶፕ በዚያው ኬብል ይሞከራል። በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ያስፈልጋል፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተቀየረ መስመሩ ቢመለስ እንኳ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፣ ብልሽቱም በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

ከተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚሆነው ኬብሉ ስለሆነ ውስጡን ማወቅ ተገቢ ነው። ተራ የሚመስለው የላን ኬብል በውስጡ ስምንት ሽቦዎች ሲኖሩት፣ እነዚህም ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ አራት ጥንዶች ናቸው። ሽቦን በጥንድ መጠምዘዝ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ለስልክ መስመር የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ ሲሆን፣ ከአጠገብ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁለቱንም ሽቦዎች እኩል እንዲነካና እርስ በርሱ እንዲጣፋ ያደርጋል። በኬብሉ ጫፍ ላይ የሚገጠመው አር ጄ 45 የተባለው ፕላስቲክ መሰኪያ ስምንቱን ሽቦዎች በተወሰነ የቀለም ቅደም ተከተል ይይዛል፤ በብዛት የሚሠራበት ቅደም ተከተል ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። አረንጓዴው ጥንድ በሦስተኛውና በስድስተኛው ቦታ ተለያይቶ መቀመጡ ለጀማሪ እንግዳ ቢመስልም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አንድ ጀማሪ ጥንዶቹን ለዓይን እንዲያምሩ ጎን ለጎን ደርድሮ ሁለቱንም ጫፎች በዚያው ዓይነት ቢቆነጥጥ፣ ስምንት መብራት ያለው ርካሽ መፈተሻ «ደህና ነው» ይለዋል፤ ነገር ግን በሦስተኛውና በስድስተኛው ቦታ የሚላከው መልእክት አብረው ባልተጠማዘዙ ሽቦዎች ስለሚያልፍ፣ ኬብሉ አጭር ሲሆን ሠርቶ ሲረዝም ይቆራረጣል። በየጊዜው እየጠፋ የሚመለስና ማንም ምክንያቱን የማያገኝለት የቢሮ መስመር ሲያጋጥም የመሰኪያው ቀለም ሊታይ ይገባል።

የሽቦው ጥራትም እንዲሁ መታየት አለበት። በገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ኬብሎች አንዳንዶቹ ውስጣቸው አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ በመዳብ የተለበጠ ነው፤ አሉሚኒየም ከመዳብ ይልቅ ኤሌክትሪክን በደንብ የማያስተላልፍና ሲታጠፍ ቶሎ የሚሰበር በመሆኑ፣ በር የሚቆነጥጠው ወይም ወንበር የሚሄድበት ኬብል ከውጭ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ይበጠሳል። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጎ ነጭ ብረት መታየት አለመታየቱን ማረጋገጥ ለገዢ የሚጠቅም ቀላል ፍተሻ ነው። ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱ ብቻ ሲበጠስ ደግሞ መስመሩ ላይጠፋ ይችላል፤ በሰከንድ 1,000 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው ግንኙነት አራቱንም ጥንዶች ሲፈልግ፣ 100 ሜጋቢቱ ግን ብርቱካናማውና አረንጓዴው ብቻ ይበቁታል። ስለዚህ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ሽቦ የተጎዳበት ኬብል በዝቅተኛው ፍጥነት መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል፤ በቢሮ ውስጥ ትልልቅ ፋይል ከማሽን ወደ ማሽን ሲዛወር የሚታየው ያልተጠበቀ መዘግየትም አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ኬብል የተወሰነው ከፍተኛ ርዝመት 100 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ለመሄድ መሐል ላይ ስዊች ወይም ፋይበር ያስፈልጋል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነው ጣና ይህ ልክ እጅግ ትንሽ ነው፤ በሐይቁ ላይ እንደ ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ባሉ ደሴቶች የሚኖር ሰው ላፕቶፑን ከዋናው ምድር ጋር በላን ኬብል ሊያገናኝ ስለማይችል ዓይኑ በሞባይል ማማ ላይ ነው።

የሐይቁ ዳርቻ የራሱ የሆነ ሌላ ፈተና አለው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን፣ ከዚህ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድና መብረቅ አስከትሎ ይወርዳል። መብረቅ ቤቱን በቀጥታ ሳይመታ እንኳ በአቅራቢያው ሲወድቅ በረጅም የመዳብ ሽቦ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ከአንድ ምሰሶ ወደ ሌላው እየተሰቀለ ወደ ቤት የሚገባው የስልክ ሽቦ ይህን ቮልቴጅ ሰብስቦ ወደ ሞደሙ፣ ሞደሙም በላን ኬብሉ በኩል ወደ ላፕቶፑ ሊያሻግረው ይችላል። በእያንዳንዱ የኢተርኔት ሶኬት ውስጥ ሁለቱን ወገኖች በኤሌክትሪክ የሚለያዩ ጥቃቅን ትራንስፎርመሮች አሉ፤ እነርሱም በመደበኛው ደረጃ መሠረት 1,500 ቮልት እንዲቋቋሙ ይፈተናሉ፤ የመብረቅ ግፊት ግን ከዚህ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው፤ ከማዕበሉ በኋላ ላፕቶፑ በሰላም ይበራል፣ ዋይፋዩ ይሠራል፣ የኬብል ሶኬቱ ግን መብራት የለውም፣ የኔትወርክ ካርዱም በዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ከነጭራሹ አይታይም። እንዲህ ላለው ጉዳት ፎርማት ማድረግ የባለቤቱን ኪሳራ እጥፍ ማድረግ ነው።

መከላከያው ርካሽ ስለሆነ ሊዘነጋ አይገባም። ሰማዩ ሲያጉረመርም የሞደሙን የኃይል ገመድ ብቻ ሳይሆን የስልክ ሽቦውንም መንቀል ያስፈልጋል፤ ላፕቶፑም ከላን ኬብሉና ከቻርጀሩ ተላቅቆ በባትሪ ቢሠራ ይሻላል። ብዙ ሰው ዲቫይደሩን ብቻ አጥፍቶ ይተኛል፤ የስልክ ሽቦው ግን እንደተሰካ ያድራል። ወደ ቤት የሚገባው መስመር ፋይበር ከሆነ፣ ፋይበር ብርሃን የሚያሳልፍ የመስታወት ክር እንጂ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስላልሆነ አደጋው ይቀንሳል፤ ሆኖም በመብራት መስመሩ በኩል የሚመጣው ግፊት እንዳለ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅም ሞደሞችን ያዛባል። ከመብራት መቋረጥ በኋላ የጠፋ መስመር ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ሞደሙ ከኃይል ተነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ እንደገና ሲሰካ ነው። ላፕቶፑ ራሱም በተመሳሳይ መንገድ ሊነቃ ይችላል፤ አንዳንድ ማሽኖች በባትሪ ሲሠሩ ወይም ከእንቅልፍ ሲነሡ ኃይል ለመቆጠብ የኬብል ካርዱን አጥፍተው ስለሚቆዩ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶና ከቻርጀር ነቅሎ መልሶ ማብራት፣ ችግሩ ከተደጋገመም በካርዱ መግለጫ ውስጥ ያለውን የኃይል ቁጠባ ፈቃድ ማንሣት ይበቃል።

የሶኬቱ መብራት በርቶ ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜ የሚመረመረው አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ማሽን በኔትወርክ ላይ እንደ ቤት ቁጥር የሚያገለግል አይፒ አድራሻ የተባለ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ በቤት ውስጥ ይህን ቁጥር የሚያድለው ብዙውን ጊዜ ሞደሙ ነው። በዊንዶውስ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ተከፍቶ በእንግሊዝኛ ፊደል «አይፒኮንፊግ» የሚለው ትእዛዝ ሲጻፍ የማሽኑ ቁጥር ይታያል። ቁጥሩ በ192.168 ቢጀምር ሞደሙ አድራሻ ሰጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በ169.254 ቢጀምር ግን ላፕቶፑ ጠይቆ መልስ ስላጣ ለራሱ ጊዜያዊ ቁጥር አውጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር ለመርማሪው ጠቃሚ ምስክር ነው፤ ካርዱ ሕያው መሆኑን፣ አድራሻ የሚያድለው መሣሪያ ግን አለመስማቱን ወይም አለመመለሱን ይናገራል፤ በዚህ ጊዜ ሞደሙን እንደገና ማስነሣት፣ ከዚያም ኬብሉን መቀየር ይቀድማል።

በባሕር ዳር ባሉ ሠራተኞች ዘንድ ሊያጋጥም የሚችል ሌላ ዓይነት ስሕተት አለ። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተሮች አድራሻ በእጅ ተሞልቶ ቋሚ እንዲሆን፣ ብራውዘሩም ፕሮክሲ በተባለ የተቋሙ አማላጅ ኮምፒውተር በኩል እንዲያልፍ የሚደረግበት ጊዜ አለ። ሠራተኛው ያንኑ ላፕቶፕ ወደ ቤቱ ወስዶ በራሱ ሞደም ላይ ሲሰካው፣ ማሽኑ የቢሮውን አድራሻ እንደያዘ በሌላ ሰፈር ስለሚገኝ ማንም አያውቀውም። አድራሻው «በራሱ ይውሰድ» ወደሚለው ምርጫ ሲመለስና ፕሮክሲው ሲጠፋ መስመሩ ወዲያው ይከፈታል። በተቃራኒው ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ዓይነት ቁጥር በእጅ ከሞሉ የአድራሻ ግጭት ይፈጠርና አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ጥፋቱ በማሽኖቹ ላይ ሳይሆን የቁጥር መዝገብ ባለመያዙ ላይ ነው።

አድራሻው ትክክል ከሆነ የሚቀጥለው ሥራ መልእክት የት ድረስ እንደሚሄድ መለካት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ፒንግ የተባለው ትእዛዝ አሜሪካዊው ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ ወደ አንድ አድራሻ አጭር መልእክት ልኮ የመልሱን ጊዜ ይቆጥራል። በቅድሚያ 127.0.0.1 ወደሚለው ቁጥር፣ ማለትም ላፕቶፑ ወደ ራሱ ይላካል፤ መልስ ከተገኘ የማሽኑ የኔትወርክ ሶፍትዌር ደህና ነው። ቀጥሎ በአይፒኮንፊግ ዝርዝር መውጫ በር ተብሎ ወደተመለከተው የሞደሙ ቁጥር ይላካል፤ መልስ ከጠፋ ችግሩ በቤት ውስጥ ነው። ከዚያ በውጭ ወዳለ ሁልጊዜ መላሽ አድራሻ፣ ለምሳሌ ወደ ጉግል 8.8.8.8 ይላካል፤ ሞደሙ መልሶ ይህ ካልመለሰ ችግሩ በአብዛኛው ከሞደሙ ባሻገር ያለው መስመር ነው። ይህም መልሶ ድረ ገጽ አልከፍት ካለ ሽቦውም አድራሻውም ደህና ሆነው ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ የተባለው አገልግሎት ወይም ብራውዘሩ ተበላሽቷል ማለት ነው።

በዚህ የመጨረሻ ደረጃ ላይ በኢትዮጵያ ተለይቶ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ የማሽኑ ቀን ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት የሚጸናበት ጊዜ መጀመሪያና ማብቂያ በተጻፈበት የምስክር ወረቀት ስለሆነ፣ አንድ ሰው የላፕቶፑን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሞላው ማሽኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ የምስክር ወረቀቶቹን ገና ያልጸና አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ባንክም ኢሜይልም አልከፈትም ይላል። በዕድሜ የገፋ ላፕቶፕ የውስጥ ባትሪው ሲያልቅም በራሱ ወደ አሮጌ ቀን ይመለሳል። ፒንግ እየሠራ ድረ ገጾች የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ሲያሳዩ ሰዓቱንና ቀኑን ማየት ይቀድማል።

በቢሮ ውስጥ ግን ጥፋቱ ከአንድ ላፕቶፕ ውጭ ሆኖ ሁሉንም የሚጎዳበት አጋጣሚ አለ። አንድ ሰው መሬት ላይ የወደቀ የኬብል ጫፍ አይቶ በቅንነት በስዊቹ ላይ ባገኘው ክፍት ቀዳዳ ቢሰካውና ሌላኛው ጫፍ ቀድሞውኑ በዚያው ስዊች ላይ የተሰካ ከሆነ፣ መልእክቶች ማቆሚያ በሌለው ቀለበት እየዞሩና እየተባዙ የመላ ቢሮውን መስመር ያጨናንቃሉ። ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ቀለበት ፈልጎ የሚዘጋ ዘዴ ብትፈጥርም፣ ርካሾቹ ስዊቾች በብዛት የላቸውም። የሁሉም ማሽን መስመር በአንድ ጊዜ ከቆመና የስዊቹ መብራቶች ሁሉ ያለ ዕረፍት በፍጥነት ብልጭ ድርግም ካሉ፣ ኬብሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መብራቶቹ የሚረጋጉበትን መጠበቅ ጥፋተኛውን ያሳያል።

ብልሽቱ ከሞደሙ ባሻገር መሆኑ ሲታወቅ ተጠቃሚው ላፕቶፑን መነካካት ማቆም አለበት። በመዳብ መስመር ላይ ዲኤስኤል የሚል ምልክት ያለበት የሞደሙ መብራት ካልተረጋጋ፣ በፋይበር መስመር ላይ ደግሞ የብርሃን መጥፋትን የሚያመለክተው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ የሚጠገነው መስመሩ ነው። ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 የሚደውል ሰው የትኛው መብራት እንደጠፋ፣ ችግሩ ከስንት ሰዓት እንደጀመረና በሌላ ማሽንም እንደሞከረ ቢናገር፣ «ኔትወርክ የለም» ከማለት ይልቅ ለጥገና ባለሙያው እጅግ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ጥርጣሬው በላፕቶፑ ላይ ከቀረ እንኳ ፎርማት አሁንም አይቀድምም። ካርዱን የሚያሠራው ድራይቨር የተባለው ትንሽ ፕሮግራም በሌላ ማሽን ላይ ከአምራቹ ገጽ ወርዶ በፍላሽ ሊጫን ይችላል። ከዚያ በላይ ቁርጡን የሚያሳውቀው ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ ሥርዓት በፍላሽ ላይ ጭኖ ዊንዶውስን ሳይነኩ ላፕቶፑን ከፍላሹ ማስነሣት ነው፤ ኬብሉ በኡቡንቱ ከሠራ ሶኬቱ ጤነኛ ስለሆነ ሕመሙ በዊንዶውስ ውስጥ ነው፤ እዚያም ካልሠራና መብራቱም ካልበራ፣ ሶኬቱ ወይም ካርዱ ለመሞቱ ጠንካራ ማስረጃ ነው። የሞተ የኬብል ካርድ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ከዋናው ቦርድ ጋር የተበየደ በመሆኑ ጥገናው ከባድ ነው፤ ሆኖም ከዩኤስቢ ወደ ላን የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር ሥራውን ሙሉ በሙሉ ይተካል። አዳፕተሩ በአሮጌው ዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ሲሰካ በሰከንድ ከ480 ሜጋቢት ማለፍ ባይችልም፣ ይህ ፍጥነት ለአብዛኛው የቤት መስመር ከበቂ በላይ ነው።